ማሽኑ የሚነቃበት ዓመት

መጋቢት 4 ቀን 2006

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ያለው ቤታችን ከገባሁ ሰነበትኩ፤ አውቶቡሱ ግን ገና ከሰውነቴ አልወረደም። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ያንገጫግጨኛል። ዓይኔን ስጨፍን ናይሮቢ በመስኮት ታልፋለች፤ የምረቃ ካባዬ፣ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት፣ ጓደኛዬ ሊና በር ላይ ቆማ "ክፍሉን እጠብቅልሻለሁ፣ ሥራም አናጣም፣ ቶሎ ነይ" ስትል። እሺ ብያታለሁ። ቤት ውስጥ ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

በሩ ላይ "ዘርአብሩክ ፎቶ ቤት" የሚለውን ጽሑፍ ፀሐይ በልቶታል። ውስጡ እንዳለ ነው። ሰማያዊው መጋረጃ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ፣ የአባዬ ጃንጥላ መብራት፣ ጥግ ላይ ማሽኑ። ማሽኑ የምንለው ኮምፒውተሩን ነው። ወንድሜ ዘርአብሩክ በ2002 ከየቦታው ለቃቅሞ የሠራው። ሣጥኑ ከናይሮቢ፣ ማዘርቦርዱ ከመርካቶ፣ ዲስኩ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ ከጣለው። አንድ ጎኑ ክዳን የለውም፤ አባዬ በአሮጌ ነጠላ ሸፍኖታል። ዘሩ ይህን ሠርቶ በጨረሰ በዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን እንጂ ፊቱን አላየንም።

ዛሬ አባዬ አንድ ሰውዬ ሊያነሳ ካሜራውን አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ። ሰውዬው ለጥንቃቄ መሰለው። እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። የማርሳቢቱ ሐኪም "ቀኙ ዓይን አልቋል፣ ግራውም እየሄደ ነው፣ ይህ በሽታ የወሰደውን አይመልስም" ብሎታል።

እራት ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ለፋሲካ ዘሩን በማሽኑ ፊት ለፊት አሳይሃለሁ፣ እያወራህ ታየዋለህ" አልኩት።

"በየትኛው ማሽን?"

"በራሱ በሠራው።"

አባዬ ጉርሻውን እንደያዘ ፈገግ አለ። እንዲህ ፈገግ ሲል ካየሁት ቆየሁ። እማዬ ሳህኑን ማንሳት ጀመረች። ገና በልተን አልጨረስንም ነበር።


መጋቢት 6

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የማሽኑ ጩኸት ነው። ሌሊት ስቲማ ጠፍቶ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ይረሳል። ውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነች ባትሪ ሞታለች። ስለዚህ ፋብሪካው የሞላለት ቀን ላይ ይመለሳል፤ አንደኛ ወር፣ አንደኛ ቀን፣ 2002።

አባዬ እንዲህ አያስብም። ስደርስ ጋቢውን ጣል አድርጎ ግንባሩ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ዛሬም በ2002 ነው የነቃው" አለኝ።

"ባትሪው ነው አባዬ።"

"ዘሩ የሠራው በ2002 አይደል? የተወለደበትን ያውቃል።"

አባዬ ዘሩ በስልክ እንዳስተማረው ኤፍ ዋንን ተጫነ፤ የግድግዳውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ በጣቱ ተከትሎ አነበበ፤ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቱ ጋር አመሳክሮ ሞላ። ልርዳህ ስለው "ይቺን ተይልኝ" አለ። አይቸኩልበትም፤ እንደ ውዳሴ ነው።

ትንሽ ነገር ናት። ባትሪዋን ናይሮቢ በሚመላለስ ሰው አስመጣታለሁ። የኔ ችግር ከዚህ ይበልጣል።


መጋቢት 9

ሰማያዊ ስክሪን። እንደገና ሰማያዊ ስክሪን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ ጠፋ።

ነጠላውን ገልጬ አየሁት። አቧራው እንደ ዱቄት ነው። በብሩሽ ጠረግኩ፤ ፋኑን ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤ ሚሞሪዎቹን ነቅዬ መዳብ የሆነውን ጫፋቸውን በላጲስ ፈገፈግኳቸው። ኮሌጅ ያላስተማረኝ፣ ዘሩ ልጅ ሆኜ ያሳየኝ ነው። ተነሣ። አረንጓዴው ኮረብታና ሰማያዊው ሰማይ ብቅ አለ፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ኤክስፒ፣ ሲከፈት የሚመጣው ያ ሥዕል።

አባዬ ይህን ኮረብታ ይወደዋል። አገሩን አውቀዋለሁ ይላል። "ከዚህ ጀርባ ወንዝ አለ" ይለኛል፣ እንደሄደበት ሰው። እኔም አንዳንዴ ያለ ይመስለኛል።

አብዱብ መጣ። የናይሮቢው አውቶቡስ ረዳት ነው፤ የከተማው ዕቃ ሁሉ በእጁ ያልፋል።

"ኢንጂነር" አለኝ በሩ ላይ ተደግፎ፣ "በላጲስ ነው እንዴ አሁን ኮምፒውተር የሚሠራው? አራት ዓመት ናይሮቢ የተቀመጥሽው ለዚህ ነው?"

"ሦስት ዓመት ነው።"

"ፖሌ፣ ይቅርታ። ላጲሱን ለመማር ሦስትም በቂ ነው።"

አባዬ ሳቀ። ባትሪዋን ነገርኩት፤ ቁጥሯን መዳፉ ላይ ጻፍኩለት። እጁን እስኪደርቅ ሳይጨብጥ ይዞ ወጣ። ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም።


መጋቢት 13

ሞደሙ ይሠራል። ዜና ይከፍታል፣ የእግር ኳስ ውጤት ይከፍታል። ኢሜይሌ ግን እምቢ፤ የቪዲዮ ጥሪውም እምቢ። የደኅንነት ቁልፍ ምልክት ያለበት ገጽ ሁሉ እምቢ። የሚያወጣው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ የዚህ ገጽ ማረጋገጫ ወይ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይ ጊዜው ገና አልደረሰም።

አልፎበታል። ግልጽ ነው። ኤክስፒ አርጅቷል፤ ዓለም ጥላው ሄዳለች።

ሌላ ማሽን የለም። የኢንተርኔት ቤቱ፣ የሳይበሩ፣ ባለቤት ከተማው በተጋጨበት በዚያ ግርግር ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ እንደተሻገረ አልተመለሰም። የቤታችን ስልኮች ቁልፍ እየተጫንን የምንደውልባቸው ናቸው። ደሞስ ሌላ ማሽን ቢኖር፣ አባዬ ሰው ቤት ሄዶ ልጁን ሊያይ? "በራሱ በሠራው" ብዬዋለሁ።


መጋቢት 14

ቫይረስ አጸዳሁ። ምንም።

የገጽ መክፈቻ ፕሮግራሙን ቀየርኩ። ምንም።

እማዬ፦ "ጾም ነው፣ ራስሽን አታድርቂ።"


መጋቢት 18

ዘሩ ደወለ። ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩለት፣ ሰማያዊውን ስክሪን፣ ማረጋገጫውን። ይመክረኛል ብዬ ነበር።

"ሳሊዬ፣ ተይው ይረፍ። አሮጌ ነው።"

"አንተ የሠራኸው እኮ ነው።"

"ለዚያ ነው ተይው የምልሽ" ብሎ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነው፤ ድሮ እንዲህ አይስቅም ነበር። ከርቀቱ ይሆናል። መስመሩ ያቆራርጠዋል።

ከዚያ እማዬ ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣች። ውኃ ልቀዳ ብዬ ከበርሜሉ ጋር ስደርስ ሰማኋት። "አይዞህ። እሱ እንዲህ ሆነህ አያይህም። እኔ አለሁ" ትላለች።

ስለ ፀጉሩ መሆን አለበት። ዘሩ ድሮም ፀጉር ማሳደግ ይወዳል፤ አባዬ ደግሞ ጎፈሬ ያየ ቀን ምሳ አይበላም።


መጋቢት 22

ዛሬ ተሳስቻለሁ። ከናይሮቢ ባመጣሁት ሲዲ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ማስነሻ ፕሮግራም ልጭንበት ሞከርኩ፤ ለሙከራ፣ ከጎኑ። ገባ። እንዴት ያምራል፣ አዲስ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ፎቶ ማተሚያው ግን አላወቀውም። ለዚያ ማተሚያ ከኤክስፒ ወዲህ ድራይቨር፣ ከማሽኑ የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ የሠራለት የለም። ደንበኛ ቆሞ፣ የፓስፖርት ፎቶ ተነስቶ፣ ማተም አቃተን።

አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስክሪኑ ፊት ዱካውን ስቦ ተቀመጠና "ኮረብታው የት ሄደ?" አለኝ።

ኤክስፒን መለስኩለት። ሲመሽ ኮረብታው ተመልሶ ነበር። ደንበኛው አልተመለሰም።

ኮረብታውን ባላገኘው ኖሮ ምን እለው ነበር? አባዬ ዓይኑ የሚደርስበት ነገር በየቀኑ ይቀንሳል፤ እኔ ደግሞ ተነሥቼ አንዱን አጠፋሁበት። የተማርኩት ለማን ነው?

ሊና መልእክት ልካለች። "የመጣ ተከራይ አለ፤ እኔ ግን ያንቺ ነው ብያለሁ።"


መጋቢት 30

ሬዲዮው ራሱ ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ ለኤክስፒ እርዳታ የሚባል ነገር የለም፤ የሠሩት ሰዎች እጃቸውን አነሡ። አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ አዳመጠ።

"እኛን ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"ታዲያ እኛ መቼ እርዳታ ጠየቅን" አለ፤ ወደ ካሜራው ዞረ።

የፈራሁት ይህን ነበር። አሁን ሰበብ አለኝ፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የዘመኑ ነው። ግን ይህን ስጽፍ ደስ አላለኝም። ፋሲካ እየቀረበ ነው። ትናንት አባዬ የሻይ ብርጭቆ ሊያነሳ አጠገቡ ያለውን አየር ሲጨብጥ አይቻለሁ። አይቼ ዞር አልኩ፤ እሱም እንዳየሁት አውቆ ዞር አለ።


ሚያዝያ 2

ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲንጎደጎድ አደረ። ከማንያታ፣ ከከብት አርቢዎቹ መንደር፣ ወዲያ ያለው ቀይ ሜዳ ነገ ከነገ ወዲያ ያጎነቁላል።

በሕልሜ ኮረብታው ላይ ነበርኩ። ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ዘሩ ከጀርባው፣ ከወንዙ በኩል ይጠራኛል፤ "ነይ፣ እዚህ ገና ጠዋት ነው" ይላል። ስሮጥ ኮረብታው አብሮኝ ይሄዳል፣ አይቀርብም፣ አይርቅም። ፊቱን ለማየት ስል ነቃሁ። ማሽኑ እየጮኸ ነበር። አባዬ ከኔ ቀድሞ ተነስቷል።


ሚያዝያ 4

ሐሳብ መጣልኝ። ናይሮቢ ያሉ ፎቶ ቤቶች ፎቶው ጥግ ላይ በብርቱካን ቀለም ቀኑን ያትማሉ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው፤ ቀኑን ከማሽኑ ራሱ ይወስዳል። ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር ልሥራ፣ ደንበኛ ይመለስ።

የመጀመሪያዋ ዋሪቱ ነበረች፣ ጎረቤታችን፣ ከገበያው ጫፍ ወተት የምትሸጠው። ልጇን ቢፍቱን ቀሚስ አልብሳ መጣች፤ ኢሲኦሎ ለሚነዳው ባሏ ለገለታ ልትልክለት። ቢፍቱ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የጃንጥላውን መብራት ካላቀፍኩ ብላ አለቀሰች። ከነእንባዋ አምራ ወጣች። ፎቶውን አብዱብ ይዞላት ሄደ።


ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ፎቶ ቤቱ ሞልቶ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ፣ ዘንባባውን ግንባራቸው ላይ ያሰሩ፣ ነጭ በነጭ። ቀኑን ሁሉም ወደዱት። አንዲት እናት ፎቶውን ለጎረቤቷ እያሳየች "ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር አስፍራለች" ስትል ሰማሁ። አባዬ አንገቱን ቀና አደረገ።

ደክሞኛል፤ ሌላ አልጽፍም።


ሚያዝያ 6

ካሜራዋ ጠፋች። የፎቶ ካሜራው ሳይሆን ስክሪኑ ላይ የምትሰካው ትንሿ። ትናንት ከመሳቢያው ውስጥ ነበረች። እማዬን ጠየቅኳት። "ምኗን አውቄ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከጎመኑ ሳታነሳ። ሰው በዝቶ ነበር፤ ልጅ ወስዷት ይሆናል።

ካሜራዋ ብትኖርስ? ያው እምቢ ነው የሚለው።


ሚያዝያ 8

ጥዋፍ እንደበራለት ሰው ሆኛለሁ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዋሪቱ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ፎቶው በእጇ ነው።

"ያ ሳሌም፣ አንቺ ልጅ፣ ትዳሬን ልታፈርሺ ነው?"

"ምን ሆንሽ?"

"እኔ ምን ልሁን፣ አንቺ ነሽ የሆንሽው። ገለታ ደወለልኝ። ሲስቅ መናገር አቃተው። 'ዋሪቱ' ይለኛል፣ 'ይቺ ልጅ በ2006 ይህን ካከለች፣ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ ያገባሁሽ በ2010። የዚችን አባት ሰላም በይልኝ፣ የኔዋን ልጅ ደግሞ ፈልገሽ ላኪልኝ።' እናቱም ሰምታለች፤ እሷ አልሳቀችም። ፎቶውን መልሶ የላከው በአብዱብ ነው፤ አብዱብ ደግሞ ላገኘው ሁሉ እያሳየ ነው የመጣው።"

"2006 እኮ ነው" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ግድግዳውን በጣቴ አሳየኋት።

ዋሪቱ ቀን መቁጠሪያውን አየች፣ እኔን አየች። "እሱ የእናንተ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እንታላ ኮ፣ ልጄ። እኔ የምኖረው በኬንያ ነው። 2014 ላይ።"

ዞሬ ሁሉንም አየሁ። ግድግዳው 2006። ይህ ደብተር፣ ገጹ ሁሉ 2006። የማሽኑም ጥግ 2006፣ ስንት ጊዜ በዓይኔ አልፌዋለሁ። ናይሮቢ ብሆን ኖሮ ወዲያው እነቃበት ነበር፤ እዚያ 2014 ነው የምኖረው። እዚህ ደጃፉን ስገባ፣ ጫማዬን እንደማወልቀው፣ ስምንት ዓመት አውልቄ እገባለሁ። ሳላውቀው።

ማረጋገጫው አላለፈበትም። ገና አልደረሰም። ያ ገጽ ሁሉ የተሠራው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ለኛ ማሽን ገና ያልተወለደ ነገር ነው። የነገ ሰው በር ሲያንኳኳ ማን ይከፍታል?

ዋሪቱ እንዳለች ቀኑን ቀየርኩ። ሞደሙን ሰካሁ። ኢሜይሌ ተከፈተ። የጥሪው ገጽ ተከፈተ፤ የዘሩ ስም ከጎኑ አረንጓዴ ነጥብ ይዞ ብቅ አለ።

"ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ ዋሪቱ። "ፎቶውን ድጋሚ አትሚልኝ እንጂ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።"


ሚያዝያ 9

ለአባዬ አልነገርኩትም። እንዴት ልንገረው? በየጠዋቱ፣ በሚሄድ ዓይኑ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ሳይሰለች የሞላው ቀን ነው። አንዲት ስህተት አልሠራም። ወሩም ልክ፣ ቀኑም ልክ።

ከእሱ በኋላ ገብቼ እቀይረዋለሁ። ያልቃል።

ትንሿን ካሜራ አገኘኋት። የበዓል ቀሚሴን ልፈልግ የእማዬን ሣጥን ከፈትኩ፤ ከታች፣ በጥጥ መሀረብ ተጠቅልላ። እማዬ ኋላዬ ቆማ ነበር።

"ዓይኑ የቀረው ለጥቂት ነገር ነው" አለችኝ። "ያቺን ጥቂት በምን እንደሚሞላት ማሰብ አለብን ሳሌም።"

ሙሉ ስሜን ስትጠራኝ ክርክር አልችልም። ካሜራዋን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። አልከለከለችኝም። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ጊዜም አልነበረኝም፤ ስቲማ ከመሄዱ በፊት የሚታተም ብዙ ነበር።


ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዶሮው ተበልቶ፣ ጎረቤት ተጠይቆ ከተመለሰ በኋላ አባዬ ነጭ ሸሚዙን ቆልፎ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ለራሱ ፎቶ የሚነሳ ይመስል ፀጉሩን አርጥቧል። እማዬ ሰማያዊውን መጋረጃ ይዛ ቆመች።

ከፈትኩ። እምቢ አለ። ያው ጽሑፍ።

ጥጉን አየሁ፤ 2006። ጠዋት ቀይሬው ነበር።

"አባዬ፣ ቀኑን ነካኸው?"

"ተበላሽቶ አገኘሁት" አለኝ። "2014 ይላል። ማን ስምንት ዓመት እንደጨመረበት እንጃ። አስተካከልኩት።"

ሌላ መንገድ አልነበረም። ዱካ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ማሽኑ የሚነጋገረው ከወዲያኛው ዓለም ማሽኖች ጋር እንደሆነ፣ እነሱ በሌላ እንደሚቆጥሩ፣ ዓመቱ ካልገጠመ በሩን እንደማይከፍቱ።

"እና እኔ ነኛ" አለ። "ልጄን ደጅ ያቆምኩት።"

"ሁላችንም ነን። እኔም በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም። የተማርኩት እኔ ነኝ።"

ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ። "በይ ንገሪኝ፤ እኔው ልሙላው።" ሁለት። ዜሮ። አንድ። አራት። እንደ ሁልጊዜው አልቸኮለም።

ጥሪው ጠራ። ዘሩ አነሳ፤ ድምፁ መጣ፣ ስክሪኑ ጥቁር። "እንኳን አደረሳችሁ። ካሜራዬ እኮ ተበላሽታለች፣ አባዬ። በድምፅ ይሁን።"

"እጠብቃለሁ" አለ አባዬ።

"አትሠራም እኮ።"

"ስንት ሰው እዚህ ዱካ ላይ አፍሮ ተቀምጧል። አቻኩዬው አላውቅም። እጠብቃለሁ።"

ጠበቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ከዚያ ጥቁሩ ተገፈፈና ጨለማ ክፍል መጣ፤ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው፣ የግራ ጎኑን ብቻ ሰጥቶ የተቀመጠ። ወንድሜ ነው። አፍንጫው የአባዬ ነው።

"መስኮት አለህ?" አለ አባዬ።

"አለ።"

"መጋረጃውን ግለጠው። ኮፍያውን አውልቅ። ወደ ብርሃኑ ዙር።"

ትንሽ ዞረ።

"እንደሱ አይደለም። ሙሉውን።"

ዞረ። እማዬ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ያየሁትን እዚህ አልስለውም። ደቡብ አፍሪካ የሚሠራበት ሱቅ ሲቃጠል ዘሩ ውስጡ እንደነበረ ዛሬ አወቅሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጓሮ የሰማሁት ስለ ፀጉር አልነበረም። ፀጉር በቀኙ በኩል የለውም።

አባዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ በግራ ዓይኑ፣ ጥግ እስከ ጥግ፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ሰው እንደሚያይ። ደንግጦ ይወድቃል ብዬ ክንዱን ይዤው ነበር።

"አገጭህን ዝቅ አድርግ" አለ። "ትንሽ። እሱ ነው።"

ዘሩ ዝቅ አደረገ።

"ዓይንህን አልነካህም።"

"አልነካኝም፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ታየኛለህ።"

"አይሃለሁ።"

"አርጅቻለሁ?"

"ትንሽ" አለ ዘሩ፤ ከዚያ የድሮ ሳቁ መጣ፣ ረጅሙ፣ ፊቱ በሙሉ እየታየ።

"አትንቀሳቀስ" አለ አባዬ። "ሳሊ፣ አንሺው።"

ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁት።


ሚያዝያ 14

ትልቅ አድርገን አተምነው። ቀኑ ይታተም ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅኩት። "ይታተም" አለ። "የወዲያኛውን ጻፊ፤ የተነሳው እነሱ ጋ ነው።" ዘሩ ማሽኑን በሠራ ጊዜ ከተነሳው ፎቶ አጠገብ ሰቀልነው። ደንበኛ ሲጠይቅ አባዬ "ልጄ ነው፣ ይህኛውም ልጄ ነው" ይላል።

ቀኑን ሙሉ እማዬን ሳያናግራት ዋለ። ማታ ግን ሻይ ሲሰጣት በእጁ እጇን ፈልጎ ነው የሰጣት።


ሚያዝያ 16

አብዱብ ባትሪዋን አመጣ። "ይቺን ሳንቲም ለማምጣት ግማሽ ናይሮቢን አዞርሽኝ" ይላል። መዳፉ ላይ የጻፍኩት ለምልክት እንኳ የለም፤ ቁጥሩን በቃሉ ይዞት ነው የሄደው።

ልገጥማት ስል አባዬ እጁን ዘረጋ። "ስጭኝ። የትኛው ጎኗ ነው ወደ ላይ?"

"ጽሑፍ ያለበት።"

በአውራ ጣቱ ጽሑፉን ዳሰሰ። ማዘርቦርዱን በጣቶቹ ዞሮ ቦታዋን አገኘ፤ ሲጫናት ቀጭ አለች። ነጠላውን መልሶ አለበሰው።

"እንግዲህ ወደ 2002 አይመለስም" አልኩት፤ ቅር ብሎት እንደሆነ ለማየት።

"እኔ እመለሳለሁ" አለኝ። "እሱ እዚህ ይሁን።"


ሚያዝያ 17

ሌሊት ስቲማ ሄዶ ነበር። ጠዋት ጩኸት አልነበረም። ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ።

አባዬ ጋቢውን ጣል አድርጎ ከኮረብታው ፊት ተቀምጧል፤ የሚሞላው ነገር የለም። በሩ ክፍት ነው። ከማንያታ ወዲያ ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል፤ ስክሪኑና በሩ አንድ ሥዕል ይመስላሉ።

"ራሱ አወቀ" አለኝ። "ማንንም አልጠበቀም።"

"ባትሪዋ ዓመታት ትቆያለች።"

"ደግ።" ወደ እኔ ዞረ። "ክፍሉን እስከ መቼ ነው የሚጠብቁልሽ?"

"የትኛውን ክፍል?"

"ናይሮቢ ያለውን።"

"ማን ነገረህ?"

"ስልክሽን ስታዪ ፊትሽ ወዴት እንደሚዞር አያለሁ" አለኝ፤ ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ሳይሆን ከትከሻዬ ትንሽ ወዲያ ነበር። "ሂጂ። ከዚያ ሆነሽ ደውዪልኝ፣ በማሽኑ። ብርሃን ፊት ተቀመጪ እንጂ።"

አብዱብ ነገ ይነሳል። ወንበር ያዝልኝ አልኩት፣ በመስኮቱ በኩል።